ገላጋይ የሌለበት ፍራሽ

አርባ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ሲቀረኝ የትግል አሰልጣኜ ሥራውን ተወ። ጉልበቱ አልቆ ነበር፤ ሰሜን ያለችው ሴት ልጁ ዘንድ ሊኖር ሄደ። አዳራሹን የሚያስተዳድረው ሰውዬ በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ አሰልጣኝ እንደሚፈልግልን ነገረን፤ በሁለተኛው ሳምንት በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። የትግል ሰዓት ቀርቷል፣ በቦታው ጁዶ ይሰጣል ይላል። እዚህ እስራኤል፣ ሬሆቮት ገበያ ውስጥ ጤፍና በርበሬ የምሸጥ ሰው ስለ ጃፓኖች ማሰብ የጀመርሁት እንዲህ ሆኖ ነው።

ነገሩ ለምን እንዳሳሰበኝ እንዲገባ ስለ ማክሰኞ መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ የከተማችን ነጋዴ፣ ቢያንስ የድሮው ነጋዴ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሱቁን ይዘጋ ነበር። ማን እንደ ጀመረው አላውቅም፤ እኔ ስደርስ ነበረ። ቢሉ ሴንተር ያሉት ትልልቅ መደብሮች ይህን ልማድ አያውቁትም፤ እነሱ ቢቻላቸው የበራቸውን ቁልፍ ይጥሉት ነበር። እኔ ግን ልማዱን አከብራለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን ከንጋት ጀምሬ ጆንያ አወርዳለሁ፣ እመዝናለሁ፣ "የባለፈው እንዲህ አልነበረም" ለሚሉኝ ሴቶች የባለፈውም እንዲሁ እንደ ነበረ እምላለሁ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ግን ዋጋ የሚጠይቀኝ የለም። ፍራሹ ላይ አንገቴን የያዘ ሰው አንገቴን ነው የሚፈልገው፤ ቀንስልኝ አይለኝም። በሕይወቴ ዕረፍት ብዬ የማውቀው ያንን ነው።

ትግሉን ከአገር ቤት ይዤው መጣሁ ብል ግማሹ ውሸት ነው። ጎንደር ገጠር በሠርግም በበዓልም ጎረምሳ ሁሉ ይታገል ነበር፤ እኔም ታግያለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ወድቄአለሁ። መጣል የተማርሁት እዚህ ነው፤ በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ ከዚያ አሰልጣኝ። ከሩስያ ከመጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ዕብራይስጡ ከእኔ አይሻልም ነበር። የተግባባነው በአንገትና በወገብ ነው። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ከከተማው ሊሄድ ሲል ሻንጣውን መኪና ላይ እየጫንሁለት ጠየቅሁት።

"አሁን የቱን ልያዝ? ጁዶውን ነው ጁጂትሱውን?"

"ለአንተ?" አለና ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለአንተ የውኃ ዋና።"

ጁጂትሱውን ወሬ ያደረጉት አብረውኝ ይታገሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሚሰጠው ከኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ድሮ የካርቶን መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። "ታጋይ እዚያ ንጉሥ ነው፣ ማንም አይችልህም" አሉኝ። ሰዓቱ ግን ዓርብ ጠዋት ነው። ዓርብ ጠዋት ለእኛ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ፦ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ሕዝቡ ሁሉ ገበያ ነው፣ ነጋዴ እናቱ ብትሞት እንኳ እስከ ቀትር አይነግሩትም።

ለባለቤቴ ነገርኋት። ሱቁ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የምትመዝነው እሷ ናት፤ ዕቃውንም ሰውንም። የሽሮ ከረጢት እያሰረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"አንደኛው መጣል ነው። ሁለተኛው ከወደቁ በኋላ ነው።"

"ከወደቁ በኋላ ደግሞ ምን አለ?"

"እንጃ። እሱን ለማየት ነው የምሄደው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዋና ያለህ ሽማግሌ እውነቱን ነው።" ከረጢቱን አስቀመጠች። "ሁለቱንም እየው፤ አንዱን ምረጥ። አንድ ቀን ተሰብረህ ከመጣህ ግን ሁለቱም ቀሩ። ጆንያ የማወርደው እኔ አይደለሁም።"

"ቤሰደር" አልሁ በዕብራይስጥ።

"ቤሰደር አትበለኝ። እሺ በል።"

"እሺ።"

ውሉ ይኸው ነበር። ስንት ውል ፈርሜ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ግልጽ የሆነ አላየሁም።

መጀመሪያ ወደ ጁዶው ሄድሁ። እንደ ገባሁ እጅ መንሳት አስተማሩን፤ ወገብን ሰበር፣ ዓይንን ወደ መሬት። አሰልጣኙ ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። "ከዚህ በፊት ተምረሃል?" አለኝ። "ከአባቴ" አልሁት። ከአዲስ ገቢዎቹ ሁሉ እኔ አስተማሪ ያላስፈለገኝ በዚያ ብቻ ነው። ቀጥሎ መውደቅ ሆነ። በጎን መውደቅ፣ በኋላ መውደቅ፣ ተንከባልሎ መውደቅ። ያን ቀን ከፍዬ የወደቅሁትን ያህል አገር ቤት በነጻ አልወደቅሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ልብሱ ነው። ታጋይ ላብ ብቻ ነው የሚለብሰው፤ ያዙኝ ሲሉት ይሾልካል። ጁዶ ግን ኮሌታና እጅጌ አለው። ለቅሶ ቤት ልትወጣ ስትል ኮትህን ይዞ "አንዴ ስማኝማ" የሚል ዘመድ አለ አይደል? እንደዚያ ነው የሚይዙህ። እኔ በልማዴ ጎንበስ ብዬ ሁለት እግሩን አቀፍሁና አንሥቼ በጀርባው አጋደምሁት። "በሕጉ ይፈቀዳል" አለ አሰልጣኙ፤ "ግን አያምርም።" የሚያምር ልሸጥ አልመጣሁም አላልሁትም። አሰብሁት እንጂ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ወደድሁት። ስወድቅ በሆዴ እገለበጣለሁ፣ አንገቴን እቀብራለሁ፣ ማንም ምንም አያደርገኝም። ጥቂት ይጎትቱኛል፤ ከዚያ አሰልጣኙ ከመካከል ቆሞ አንዲት የጃፓን ቃል ይጥላል፣ እንላቀቃለን፣ እንነሣለን። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሱቁ ዝግ፣ እግር መያዝ የተፈቀደ። ሆኖም ሁለተኛውን ዕቃ ሳላይ የመጀመሪያውን መግዛት አልችልም። የሙያ በሽታ ነው።

ዓርብ ባለቤቴ ሱቁን ያዘችልኝና ወደ መጋዘኑ ሄድሁ። አሰልጣኙ ወጣት ነው፤ ጆሮዎቹ እንደ ደረቀ እንጉዳይ ተኮማትረዋል። እዚያ እጅ መንሳት የለም፤ ሰላም ብለው ይጨብጡሃል። ደንቡን ነገረኝ። "ሲያምህ በመዳፍህ ሁለቴ መታ መታ አድርግ፤ ሰውየውንም ይሁን ፍራሹን። ወዲያው ይለቅሃል። ሌላ ደንብ የለንም።" አንገቴን ነቀነቅሁ። ዕቃ አቅራቢ ውሉን ሲያነብልኝ የምነቀንቀው ነቀነቅ ነው፤ ሰምቻለሁ፣ አላዳመጥሁም።

ከእኔ ጋር ያጣመሩት ሰው ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የቢሮዎች ሰፈር ከኮምፒውተር ጋር የሚውል ቀጭን መሐንዲስ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጫማው ውስጥ አስቀመጠ። የእኛ ጆንያ ሃያ አምስት ኪሎ ነው፤ ሰውዬው ሁለት ጆንያ ተኩል ቢሞላ ነው። አዘንሁለት። ያላ፣ ጀምሩ ሲባል እግሩን ይዤ ጣልሁት፤ ቀስ አድርጌም ነው የጣልሁት፣ እንደ ሰው ዕቃ። ደረቱ ላይ ተኛሁና ጨፈለቅሁት። በትግል ቢሆን ፊሽካ ተነፍቶ ሰው እጄን ወደ ላይ የሚያነሣበት ሰዓት ነው።

ፊሽካ የለም። ሰውዬው ከሥሬ ሆኖ እንደ ጥርስ ሐኪም ረጋ ብሎ ይተነፍሳል። የእጄን አንጓ ያዘ። ሌላውን እጁን በክንዴ ሥር አሾለከ፣ የራሱን አንጓ ጨበጠና እጄን ወደ ጀርባዬ ማጠፍ ጀመረ፤ የፎጣ ጫፍ እንደሚያጥፍ ሰው፣ ሳይቸኩል። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር መወጠር ጀመረ።

እዚህ ላይ ያሰብሁትን ዛሬም አልረሳሁትም። "አሁን ይመጣሉ" ነው ያልሁት። ማን እንደሚመጣ ራሴን አልጠየቅሁም። ትከሻዬ ተወጠረ፣ እኔ እጠብቃለሁ። አሰልጣኙ ማዶ ጥግ የአንድ ሰው ቀበቶ ያስራል። መሐንዲሱ ቀስ ብሎ "በቃህ?" አለኝ። ዝም አልሁ። ሌላኛው እጄ ነጻ ነበር፤ ፍራሹ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ መዳፉም ወደ ታች ነበር። አንድ ጣት ማንሣት ነበር የቀረኝ። እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መሐንዲሱ ከለበሰው ነጭ ልብስ ይልቅ ነጣ። "ለምን አልመታህም? ለምን አልመታህም?" ይላል። አሰልጣኙ ሮጦ መጥቶ እሱም ያንኑ ጠየቀኝ።

"እንጃ" አልሁ። እውነቴን ነው።

እጄን አቅፌ ሱቅ ስገባ ሰው ሞልቷል። ባለቤቴ አየችኝ። ይዛው የነበረውን በርበሬ መዝና ጨረሰች፣ ለሴትየዋ ሰጠች፣ ሰላም ዋዪ አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

"ሁለቱም ቀሩ" አለች።

ሐኪሙ ጅማቱ መቀደዱን ነገረኝ፤ እጄን በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠለጠለው። ጆንያውን የሚያወርድልን ሰው ቀጠርን፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአንድ እጄ ቅመም እቋጥራለሁ። በዚያ ሰሞን ነው ከክፋር ግቢሮል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ የመጡት። አገር ቤት ጠብ ሲነሣ እሳቸው ሳይጠሩ አይበርድም ነበር፤ እዚህ ግን ጠብ ሁሉ ወደ ፖሊስ ስለሚሄድ ሥራ ፈትተዋል።

"ይቀመጡ አባባ።"

ተቀመጡ። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙና እጄን አዩት። "ማን ጣለህ?"

"አልጣሉኝም። የጣልሁትስ እኔ ነኝ።"

"እህ። እጅህን ማን ሰበረው ታዲያ?"

"የጣልሁት ሰውዬ።"

"መቼ?"

"ከወደቀ በኋላ።"

"የወደቀ ሰው ምን ሥራ አለው? ተነሥቶ አቧራውን ማራገፍ ነው እንጂ።"

"እነሱ የሚጀምሩት ያኔ ነው፣ አባባ።"

"ገላጋይስ?"

"የለም።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው! ገላጋይ የለም?"

"የለም። የተያዘው ሰው ሲበቃው ራሱ በእጁ መታ መታ ያደርጋል። ያኔ ይለቁታል።"

"ራሱ?" ሳቁ፤ ጥርሳቸው ያለቀ ነውና ሳቃቸው ነፋስ ይበዛዋል። "ራሱን በራሱ ሊገላግል! እንዲህ ከሆነማ ሽማግሌ ምን በልቶ ሊያድር ነው?" ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸው ተለወጠ። "አንተም ስትጠብቅ ነበር፣ አይደለም?"

በደኅናው እጄ ቅመም መቋጠሬን ቀጠልሁ። ባለቤቴ ከሚዛኑ ኋላ ሆና ሰምታለች።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብዙ አሰብሁበት፤ ከማሰብ ሌላ በአንድ እጅ የሚሠራ ሥራ ጥቂት ነው። በእኛ አገር የሚጣሉ ሰዎች ጉልበታቸውን ሳይሰስቱ የሚጣሉት ገላጋይ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። "ልቀቁኝ!" እያለ የሚጮኸው እኮ ገና ማንም ሳይዘው ነው፤ እንዲይዙት ነው የሚጮኸው። በትግሉም ቢሆን ሃያ ዓመት ሙሉ ባለ ፊሽካ ነበረ። በቃችሁ የሚል ሌላ ሰው ነው፤ በቃኝ ማለት የማንም ሥራ አልነበረም። በቃኝ ያለ ሰው ካለ ስሙ ሌላ ነው፤ ያን ስም በሠርግ ቀን ይዘህ አትዞርም። ሱቁም ያው ነው። ጆንያ ሳወርድ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን በቃኝ ብዬ ቁጭ ብዬ አላውቅም። የሚያስቀምጠኝ ማክሰኞና ሰንበት ነው፤ እነሱ ባይገላግሉኝ ወገቤ እስኪቆረጥ እሸከም ነበር።

መሐንዲሱም አንድ ቀን ቸኮሌት ይዞ መጣ። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ፣ በቃህ ብሎኝ ዝም እንዳልሁት ለባለቤቴ ነገራት፣ በኀፍረት አንድ ኪሎ ሽሮ ገዛ። "እንዴት ነው የሚሠራው?" ሲል ባለቤቴን ጠየቃት። "በቀስታ" አለችው። "አንተ እንኳ በቀስታ ታውቃለህ።" ዕብራይስጧ የተሰባበረ ነው፤ ስድቧ ግን ሙሉ ነው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ጨርቁ ከአንገቴ ወረደ። ወራት አለፉ። ጆንያ እንደገና አነሣሁ፤ መጀመሪያ ግማሹን፣ ኋላ ሙሉውን። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሱቁን እዘጋና ውስጥ እቀመጣለሁ። ቤት ብሄድ ቤቱ ሥራ ያወጣልኛል። በተዘጋ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚደክመው አይነገርም፤ ጆንያ ከማንሣት ይልቅ ያደክማል። በቀረው ቀን ደግሞ አፌ ከፋ። ሁልጊዜ "የባለፈው እንዲህ አልነበረም" የምትል አንዲት ደንበኛ ነበረችን። አንድ ቀን "ባለፈውም እንዲህ ብለሻል፤ ካቻምናም ብለሻል፤ እዚያው የነበረበት ሂጂና ግዢ" አልኋት። ሄደች።

ባለቤቴ ሴትየዋ እስክትርቅ ጠበቀች።

"ትከሻህን የምታሠራው ፊዚዮተራፒስቷ ምን አለችህ?"

"ደህና ነው። ከቁም መውደቅ ብቻ ለዚህ ትከሻ ተከልክሏል አለች።"

"ለስንት ጊዜ?"

"'ለሁልጊዜ ብለህ ያዘው' አለችኝ።"

"ስለዚህ ጁዶው የለም።"

"የለም። እዚያ በመውደቅ ነው የሚጀምሩት።"

"ያኛውስ? የሰበሩህ ቤት?"

"እነሱ መሬት ላይ ናቸው። ተንበርክከው መጀመር ይቻላል፤ አትወድቂም።" የምትለው ገባኝና አንገቴን ደፋሁ። "ሁለቱም ቀርተዋል ብለሻል እኮ።"

"ብያለሁ።" ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለች፤ ንጹሕ ነበር። "እኔ ልቤ ያልወደደው መሰበርህን አይደለም። ሰው ይሰበራል። ሰውዬው 'በቃህ?' ብሎህ ዝም ማለትህን ነው። እዚህም ዝም ትላለህ። ወገብህን ይዘህ ትነሣለህ፣ በቃህ ወይ ስልህ ዝም ትላለህ፣ ከዚያ የሰው ደንበኛ ታባርራለህ።" ጨርቁን አስቀመጠች። "ዓርብ እሄድና አይሃለሁ። በእጅህ መምታት ከቻልህ ትቀጥላለህ። ካልቻልህ እዚያው ያበቃል።"

"ዓርብ? ሱቁስ?"

"ይዘጋላ።"

ዓርብ ጠዋት፣ ሕዝቡ ቅርጫቱን ይዞ ሲመጣ፣ መዝጊያውን ወደ ታች ሳብነው። ጎረቤታችን የወይራ ነጋዴ ከሱቁ ወጥቶ "ማን ሞተባችሁ?" አለ። ማንም እንዳልሞተ ስንነግረው ይበልጥ ደነገጠ።

መጋዘኑ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ሰጧት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። አሰልጣኙ ውኃ አመጣላት፤ ተቀበለችው፣ አልጠጣችውም።

"የሰበረው የትኛው ነው?"

መሐንዲሱ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

"ና። ያዘው። ጤነኛውን እጁን። እንደዚያን ቀን አድርግ።"

"ግን ትከሻው…"

"በቀስታ። እንደ ሽሮው።"

ተንበርክከን ጀመርን። እንድተኛበት ተጋደመልኝ፤ አንጓዬን ያዘ፤ እጄ መታጠፍ ጀመረ። ያ መወጠር መጣ፤ ከእሱ ጋር ያ ሐሳብ ደግሞ ተከትሎት መጣ፤ አሁን ይመጣሉ። ቀና ብዬ ባለቤቴን አየኋት። ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ፊቷ ላይ ርኅራኄም ቁጣም የለም፤ ሚዛኑ እስኪቆም እንደምትጠብቀው ነው የምትጠብቀኝ። ልታላቅቀኝ እንዳልመጣች ያኔ ገባኝ። የምትመጣ ቢሆን እሷ ነበረች፤ እሷ ካልመጣች ማንም አይመጣም።

ስንት ኩንታል በዚያ ነጻ በቀረው እጄ ወጥቶ ወርዷል። መዳፌን ከፍራሹ ጣት ያህል አንሥቼ መልሼ ለማሳረፍ ግን ላብ አጠመቀኝ። መታሁ። አንዴ። ከዚያ ሁለተኛውን።

ለቀቀኝ። ወዲያው፤ የበር እጀታ ለማዞር ያህል እንኳ አልቆየም። ማንም አልሳቀም፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም። አጠገባችን የነበሩት ሁለት ሰዎች የራሳቸውን አንገት ይፈላለጋሉ። ለዚህ ነው እንዴ ትከሻዬን የሰጠሁት ብዬ ተቀመጥሁ።

"ድገሙት" አለች ባለቤቴ።

"መታሁ እኮ!"

"አንዴ የሠራ ሚዛን ታምናለህ?"

አላምንም። ታውቀኛለች። ደገምን። ሦስተኛውን ጊዜ ቀለለኝ፤ በአምስተኛው መሐንዲሱ ገና አንጓዬን ሲነካ መታሁ።

"ገና አልያዝሁህም እኮ!" አለ።

ባለቤቴ ሳቀች። ከተሰበርሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ተነሣች፣ ውኃውን ለአሰልጣኙ መለሰችለት፣ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አደረገች።

"ያላ፣ ሱቁን ልክፈት። ሴቶቹ በሩን እየደበደቡ ይሆናል።"

"ቆይ፣ ልልበስና አብረን…"

"ሰዓትህ አላለቀም። ከከፈልህ ጨርሰው።"

ወጣች። መሐንዲሱ አሁን ተራው የእኔ እንደሆነ ነገረኝ፤ እሱ ከላይ እኔ ከታች። በጀርባዬ መተኛት ነበረብኝ። ታጋይ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚሸሸው እሱን ነው። ግን ያን ያህል አልከበደኝም፤ ደክሞኝ ነበር። ተጋደምሁና እጄን ሰጠሁት።